ጉርብትና በሽታ አይደለም፦ የላይኛው መንጋጋ፣ የጉንጭ ሳይነስና የሚሊሜትር ቆጠራ

የላይኛው መንጋጭላ አጥንት ውስጡ ክፍት ነው። በግራና በቀኝ ጉንጭ፣ ከዓይን ጎድጓዳ በታችና ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፣ አየር የሞላበት ክፍል አለ፤ የጉንጭ ሳይነስ የሚባለው ይኸው ነው። በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 15 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል። ወለሉ በልጅነት ከአፍንጫ ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ቋሚ ጥርሶች ሲወጡ ዝቅ እያለ መጥቶ በ12 ዓመት ገደማ ከአፍንጫው ወለል ጋር ይስተካከላል፤ በአዋቂነት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ዝቅተኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛውና ከሁለተኛው መንጋጋ በላይ ያለው ነው። እነዚህ ጥርሶች በአብዛኛው ሦስት ሦስት ሥር አላቸው፤ ሁለቱ ወደ ጉንጭ፣ አንዱ ወደ ላንቃ። በብዙ ሰው በሥሩ ጫፍና በሳይነሱ መካከል ያለው አጥንት ስስ ነው። በአንዳንዱ ሥሩ ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ ጉብ ብሎ ይታያል፤ በጥቂቱ ደግሞ አጥንቱ ጨርሶ ጠፍቶ የሥሩን ጫፍ ከሳይነሱ አየር የሚለየው ስስ ልባስ ብቻ ይሆናል። ይህ ልባስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪም በኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ስም ይጠራል። በላዩ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ንፍጡን እየጠረጉ ወደ ላይ፣ ከፍ ብሎ ወዳለው ጠባብ መውጫ ይገፉታል። መውጫው ከወለሉ ርቆ ከላይ መሆኑ የዚህ ክፍል ትልቁ ችግር ነው፤ ሰው ቆሞ ሳለ የታመመ ሳይነስ በራሱ ክብደት አይፈስስም።

ጥርስና ሳይነስ መገናኘታቸው አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ አካል መጽሐፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ክራንቻ ጥርሷ ተነቅሎ ሳይነሷ የተከፈተባትን ሴት ታሪክ ጽፏል። ከጥርሱ ቀዳዳ ፈሳሽ አላቋርጥ ሲላት አንዲት ላባ ልጣ ብትሰድበት ሙሉ በሙሉ ሊገባ ሆነ፤ ወደ አንጎሏ የዘለቀ መስሏት ደነገጠች። ሃይሞር ያረጋጋት ክፍሉን በመግለጽ ነበር። በዚያች ሴት ሳይነሱን የከፈተው ክራንቻ እንጂ መንጋጋ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ዛሬ በጥርስ ራጅ ምርምር ላይ የነገሠው አስተያየት ግን ነገሩን በአንድ ቁጥር ይጠቀልለዋል። በሥሩ ጫፍና በሳይነሱ ወለል መካከል ስንት ሚሊሜትር አለ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ጥርሱ አደገኛ፣ ዜሮ ከሆነ ይበልጥ አደገኛ፣ ከዜሮ በታች ሆኖ ሥሩ ወደ ሳይነሱ ከዘለቀ ደግሞ ሳይነሱን ሊያሳምም የተዘጋጀ ተደርጎ ይቆጠራል። በ2004 የኮሪያ ተመራማሪዎች የሥሮቹንና የወለሉን አቀማመጥ በአምስት ዓይነት ከመደቡ ወዲህ፣ ያው ሥራ በተለያየ አገር ሕዝብ ላይ በትንሽ ለውጥ ሲደጋገም ቆይቷል። የጥናቶቹ አካሄድ ተመሳሳይ ነው፤ ከአንድ ክሊኒክ መዝገብ ምስሎች ይሰበሰባሉ፣ ርቀቱ ይለካል፣ በዕድሜና በጾታ ይከፋፈላል፣ በመጨረሻም ሐኪሞች ለሳይነስ ቅርብ በሆኑ ጥርሶች ላይ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይመከራል።

ይህ አስተያየት የተሳሳተው ልኬቱ ስለማይሠራ አይደለም፤ ልኬቱ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከሳይነስ አጠገብ መኖሩ የተፈጥሮ ቦታው ነው። ሳይነስን የሚያሳምመው ነርቩ የሞተ፣ የሥሩ ጫፍ የመገለ ወይም በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት የተበላ ጥርስ ነው። ጤነኛ ጥርስ ሥሩ ሳይነስ ውስጥ ቢቆምም ምንም አያደርግም። የታመመ ጥርስ ግን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አጥንት ከልሎትም ሳይነሱን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ከምስሉ ላይ በመጀመሪያ መነበብ ያለበት በሽታው ነው፤ ርቀቱ ሁለተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስተኛ ነው።

የርቀት ፍቅር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ምስሎቹን በየተራ ማየት ይጠቅማል። ሮንትገን ራጅን ባገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1896 መጀመሪያ፣ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የራሱን ጥርስ በራጅ አነሳ፤ ለዚያም 25 ደቂቃ ያህል ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ነበረበት። አፍ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ራጅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬም የጥርስ ሐኪም ዋና መሣሪያ ነው። ለላይኛው መንጋጋ ግን ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ የጉንጭ አጥንት ሥር በሥሮቹ ጫፍ ላይ ነጭ ጥላ ይጥላል፤ ሦስቱ ሥሮችም እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ተመራማሪዎቹ ቤንደርና ሴልዘር በ1961 ባሳተሙት ሥራ ከሬሳ በተወሰደ መንጋጭላ ላይ ሆን ብለው ቀዳዳ እየሠሩ ራጅ ሲያነሱ፣ ጉዳቱ በውስጠኛው ስፖንጅ መሰል አጥንት ውስጥ ብቻ እስካለ ድረስ በፊልሙ ላይ ብዙውን ጊዜ እንደማይታይ አሳዩ። የሚታየው ጠንካራውን የውጭ ቅርፊት መብላት ሲጀምር ነው። ንጹሕ ፊልም ንጹሕ ጥርስ ማለት አለመሆኑ ከስድሳ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፓኖራሚክ ራጅ ነው። ፊንላንዳዊው ይርዮ ፓቴሮ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ያዳበረው ይህ ዘዴ ሁለቱን መንጋጭላ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ሰፊ ምስል ያሳያል። ለአጠቃላይ እይታ ጥሩ ነው፤ ለሳይነስና ለጥርስ ግንኙነት ግን አሳሳች ነው። ጨረሩ ከታች ወደ ላይ በትንሹ አዘንብሎ ስለሚያልፍ የላንቃው ሥር ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከሳይነሱ ጎን ያለ ሥር ውስጡ የገባ ይመስላል። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ፓኖራሚኩን ከሲቲ ስካን ጋር ሲያነጻጽር፣ በፓኖራሚክ ሳይነስ ላይ ተደርበው ከታዩት ሥሮች መካከል በእርግጥ ወደ ሳይነሱ የዘለቁት 39 በመቶዎቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚህ ስሌት «ሥሩ ሳይነስ ውስጥ ነው» ከተባሉት አሥር ሥሮች ስድስቱ ስማቸው በሐሰት ጠፍቷል። በፓኖራሚክ ብቻ ተመርኩዞ የሚነገር የርቀት ወሬ ከዚህ በኋላ ማብቃት ነበረበት።

ያበቃው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣሊያንና በጃፓን የተሠሩት የኮን ቢም ሲቲ መሣሪያዎች ለጥርስ ሐኪሙ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል ሰጡት። ጨረሩ ሰፊ ሾጣጣ ሆኖ በጭንቅላቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ የተሰበሰበውን መረጃ በፈለጉት አቅጣጫ ይቆርጠዋል። ለሥር ጫፍ በሽታ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለቀዶ ሕክምና በተላኩ የላይኛው የኋላ ጥርሶች ላይ በ2008 የታተመ ንጽጽር፣ ኮን ቢሙ ካሳያቸው ጉዳቶች መካከል ሲሶ ያህሉን ትንሹ ራጅ እንዳላሳያቸው ገልጧል። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም የተደበቀን በሽታ ማሳየቱ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎች ግን አዲሱን መሣሪያ ይዘው በአብዛኛው የሄዱት ወደ አሮጌው ጥያቄ፣ ወደ ማስመሪያው ነው። ምክንያቱ ሳይንሳዊ ብቻ አይመስልም። በኮምፒውተር ላይ ርቀት መለካት ቀላል ነው፤ በአንድ ተመራቂ ተማሪና በአንድ መዝገብ ክፍል በጥቂት ወራት ያልቃል። የጥርሱ ነርቭ ሕያው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን ሕመምተኛውን ራሱን ማግኘት ያስፈልጋል፤ በመዝገብ ክፍል ደግሞ ሕመምተኛ የለም።

ማስመሪያው ራሱም የሚታመነውን ያህል ጥሩ አይደለም። የኮን ቢም ምስል በጥቃቅን ኩቦች የተገነባ ነው፤ የአንዱ ኩብ ጎን እንደ መሣሪያውና እንደ አነሳሱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ በታች እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። የአጥንቱ ንጣፍ ከኩቡ ከቀጠነ፣ ኮምፒውተሩ የአጥንቱንና የአየሩን ዋጋ ቀላቅሎ መካከለኛ ግራጫ ይሰጠዋል፤ አንባቢውም አጥንት የለም ብሎ ይጽፋል። «ሥሩ ሳይነስ ውስጥ ገብቷል» ከተባሉት ጥርሶች ጥቂት የማይባሉት መሣሪያው ሊያየው ያልቻለ ቀጭን አጥንት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሥሩ የተሞላ ወይም ጥርሱ በብረት የተሸፈነ ከሆነ፣ ከብረቱ የሚነሱት ጭረቶች በትክክል መለካት የሚፈለገውን ቦታ ያበላሹታል። እንዲህ ባለ ምስል ላይ ሁለት የነጥብ አሃዝ ያለው አማካይ ርቀት ማተም፣ ምስሉ የሌለውን ጥራት ማበደር ነው።

ከማስመሪያው ይልቅ የሚያሳስበው የሚለካው ሰው ነው። ኮን ቢም የሚነሳ ሰው ለአንድ ምክንያት ነው የሚነሳው፤ ጥርስ ሊተከልለት፣ የተቀበረ ጥርስ ሊነቀልለት፣ ሥሩ ታክሞ ያልዳነለት ሊመረመርለት። ጤነኛ ሰው ለምርምር ተብሎ ጨረር አይሰጠውም፤ መሰጠትም የለበትም። ስለዚህ ከመዝገብ የተሰበሰበ ናሙና የአንድን ከተማ ሕዝብ አይወክልም፤ የአንድን ክሊኒክ ሕመምተኞች፣ ያውም የመክፈል አቅም ያላቸውን ነው የሚወክለው። ብዙ ጥናቶች ደግሞ የአንድን ሰው ግራና ቀኝ መንጋጋ፣ ከዚያም ሦስቱንም ሥር፣ እንደ ተለያዩ ሰዎች ይቆጥራሉ። ሁለት መቶ ሰው ሺህ ሁለት መቶ ሥር ሲሆን ቁጥሩ ግርማ ያገኛል፤ የሰዎቹ ቁጥር ግን አልጨመረም። በዚህ መንገድ የሚገኝ «ስታቲስቲካዊ ልዩነት» አብዛኛው ከናሙናው አቆጣጠር የተወለደ ነው።

አማካዩ ትክክል ነው ብንል እንኳ ለማን ይጠቅማል? የሁለተኛው መንጋጋ የጉንጭ ሥር ከሌሎቹ ይልቅ ለሳይነስ ቅርብ የመሆን ዝንባሌ እንዳለው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ተለክቷል፤ ይህ ጠቃሚ ዕውቀት ነው፤ አንድ ጊዜ መታወቁም ይበቃል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሕመምተኛ ግን አማካይ አይደለም። ርቀቱን ማወቅ ካስፈለገ የራሱ ምስል ይታያል፤ ካላስፈለገ የሌላ አገር ሕዝብ አማካይ አይረዳውም። ልዩነቱ በአንድ አፍ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ መካከል እንኳ ሰፊ ነው። ጥርስ ሲነቀል ደግሞ የሳይነሱ ወለል በጊዜ ብዛት ወደ ባዶው ቦታ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የዛሬው ልኬት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዚያው ሰው አይሠራም።

በሽታው እንዴት እንደሚሻገር ሲታይ የርቀት አስተያየት ይበልጥ ይዳከማል። ጥርስ ተቦርቡሮ ወይም ተሰንጥቆ ባክቴሪያ ወደ ነርቩ ሲገባ ነርቩ ይሞታል። ከሥሩ ጫፍ የሚወጣው መርዝ በዙሪያው ያለውን አጥንት ያስበላዋል። በአጥንቱ ቦታ የቁጣ ሥጋ ወይም ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይተካል። ይህ ጉዳት ወደ ላይ ሲያድግ የሳይነሱን ወለል ያገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ወለሉን ገፍቶ እንደ ጉልላት ያነሳዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ይበሳዋል። ወለሉ ሳይበሳም ልባሱ ያብጣል፤ ባክቴሪያውና የቁጣው ኬሚካሎች በአጥንቱ ቀዳዳዎችና በደም ሥሮች በኩል ያልፋሉና። እዚህ ላይ ወሳኙ ርቀት ከሥሩ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው አይደለም፤ ከጉዳቱ ዳር እስከ ወለሉ ያለው ነው። ጉዳት የሌለው ጥርስ ደግሞ የጉዳት ዳር የለውም፤ የሚለካ ነገርም አይኖርም።

አንዳንድ ጥናቶች ለሳይነስ የቀረቡ ሥሮች ባሉበት ልባሱ ወፍሮ እንደተገኘ ይጠቅሳሉ፤ የርቀት ደጋፊዎች ዋና ማስረጃም ይህ ነው። ማስረጃው ግን በሚገባ ሲነበብ ወደ ሌላ ይመራል። የሥር ጫፍ በሽታ ያለባቸውና የሌለባቸው ጥርሶች ሳይለዩ በአንድነት ሲቆጠሩ፣ ቅርብ ሥር ያላቸው የታመሙ ጥርሶች ለጤነኞቹ ቅርብ ጥርሶችም መጥፎ ስም ይሰጣሉ። ርቀት በሽታው ባለበት የሚያባብስ ሁኔታ ነው፤ በሽታው በሌለበት ከዜሮ ጋር የተባዛ ቁጥር ነው።

የልባስ መወፈርም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ጥናቶች ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ «በሽታ» ብለው ይመዘግባሉ። ይሁን እንጂ ጉንፋን የያዘው፣ አለርጂ ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም አፍንጫው ጠማማ የሆነ ሰው ልባሱ ከዚህ ሊወፍር ይችላል፤ ምንም የማይሰማው ጤነኛም እንዲሁ። ኮን ቢም ለስላሳ ሥጋን ከፈሳሽ በደንብ አይለይም፤ መግል፣ ንፍጥና ያበጠ ልባስ በአንድ ዓይነት ግራጫ ይወጣሉ። ለጥርስ የሚጠቁመው ውፍረቱ ሳይሆን ሁኔታው ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ፣ ከአንድ የተጠረጠረ ጥርስ በላይ መከመሩ፣ ከሥሩ ጉዳት ጋር መያያዙ።

ይህ ሁሉ የጽሕፈት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተመራማሪዎች በተተወ ነበር። ስሕተቱ ግን ሰው ላይ ይደርሳል። «ሳይነሴ ተነሳብኝ» ማለት ለአማርኛ ተናጋሪው የዕለት ንግግር ነው፤ ብርድም፣ ራስ ምታትም፣ የአፍንጫ መታፈንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከእነዚህ መካከል አንድ ጉንጩ ብቻ የሚከብደው፣ ከአንድ አፍንጫው ብቻ ወፍራም ፈሳሽ የሚወርደው፣ ሌላ ሰው የማይሸተው ክፉ ሽታ ለራሱ የሚሸተው ሕመምተኛ አለ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ጥርሱን አያመውም። በሥሩ ጫፍ የተጠራቀመው መግል ወደ ሳይነሱ መተንፈሻ ስላገኘ ግፊት አይፈጥርም፤ ሕመምን የሚያመጣው ደግሞ ግፊቱ ነው። አሜሪካዊው የሥር ሕክምና ባለሙያ ሴልደን በ1970ዎቹ ይህንን ሁኔታ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ገልጦታል። ሕመምተኛው ጥርሱ ስለማያመው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ይሄዳል፤ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፣ ለጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፣ እንደገና ይመለስበታል። ከ2010 ወዲህ በታተሙ የሕክምና ታሪኮች ውስጥ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ያልዳኑ፣ በመጨረሻ አንድ ጥርስ ሲታከም የተፈወሱ ሰዎች ተመዝግበዋል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ከጉንፋን የመጣ የሳይነስ ቁጣ የላይኛውን መንጋጋዎች ያሳምማል፤ ወደ ጥርሶቹ የሚሄዱት ነርቮች በሳይነሱ ግድግዳ በኩል ያልፋሉና። ሰውዬው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙ ፓኖራሚክ ያነሳል፤ ሥሩ ሳይነሱ ላይ ተደርቦ ይታየዋል። ርቀትን እንደ በሽታ ለሚያይ ሐኪም ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል ወይም ነርቩ ይወጣል። ጉንፋኑ በሳምንት ሲለቅ ሕመሙ አብሮ ይለቃል፤ መነቀሉ እንደ ፈወሰው ይቆጠራል። ቀዝቃዛ ነገር በጥርሱ ላይ ቢነካ ኖሮ ነርቩ ሕያው መሆኑ በደቂቃ ውስጥ ይታወቅ ነበር።

የመማሪያ መጻሕፍት ለብዙ አሥርት ዓመታት ከጉንጭ ሳይነስ ቁጣ ውስጥ ከጥርስ የሚነሳው ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው ሲሉ ኖረዋል። ይህ ቁጥር ከሲቲ ዘመን በፊት የመጣ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሆነውን ሥር የሰደደ ቁጣ በሲቲ የመረመሩ የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ድርሻውን ከ40 በመቶ በላይ ያደርሱታል። ጥርሶች በድንገት አልተበላሹም፤ የተለወጠው የሚያያቸው ዓይን ነው። አሁንም ቢሆን ለሳይነስ ተብሎ በሚነሳ ሲቲ ሪፖርት ላይ ስለ ጥርስ አንድ ቃል አለመጻፉ የተለመደ ነው፤ ሥሮቹ በምስሉ ግርጌ ላይ እየታዩ አንባቢው ያልፋቸዋል። በ2021 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ የከአንገት በላይና የጥርስ ባለሙያዎች የጋራ የምርመራ ስምምነት ሲያወጡ፣ ያተኮሩት ሁለቱ ሙያዎች አብረው መመርመር እንዳለባቸው ላይ ነበር፤ ርቀትን የምርመራው መነሻ አላደረጉትም።

ለርቀት የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ከቀዶ ሕክምና የሚመጣው ነው፤ ተገቢ ክብርም ይገባዋል። ሥሩ ሳይነስ ውስጥ የቆመ መንጋጋ ሲነቀል በአፍና በሳይነስ መካከል ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ትንሹ፣ እስከ 2 ሚሊሜትር ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ ትልቁ መሰፋት ይፈልጋል፤ ካልተሰፋ ቋሚ ፊስቱላ ሆኖ የተጠጣው ውኃ በአፍንጫ ይወርዳል። ሥር በሚታከምበት ጊዜም ማጠቢያው ፈሳሽ ወይም መሙያው ከጫፉ አልፎ ሳይነስ ሊገባ ይችላል፤ ያመለጠው መሙያ አንዳንድ ጊዜ የፈንገስ ኳስ ያበቅላል። ኢምፕላንት ለመትከል ደግሞ የቀረው አጥንት ቁመት ወሳኝ ነው፤ ቦይንና ጄምስ በ1980 ያሳተሙት፣ የሳይነሱን ልባስ አንስቶ ከልባሱ በታች አጥንት የመሙላት ዘዴ ሙሉ በሙሉ በዚህ ልኬት ላይ የቆመ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሐኪሙ ሚሊሜትሩን ማወቅ አለበት። ነገር ግን ይህ የአንድ ሰው፣ የአንድ ጥርስ፣ ሊሠራ የታቀደ የአንድ ሥራ ጥያቄ ነው። ቢላዋ የሚነካው ሐኪም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ሁሉ ሕመምተኛውን ያሳመመው ነገር አይደለም። የርቀት ጥናቶች ከቀዶ ጥንቃቄ ተነስተው ወደ በሽታ ምክንያት ሲሻገሩ የሚዘሉት ይህንን ድንበር ነው።

ሌላው መከራከሪያ ልል ነው፤ መለካት ምን ይጎዳል የሚል። ይጎዳል። ቅርበት አደጋ ነው የሚል ትምህርት የተቀበለ ክሊኒክ፣ ለእያንዳንዱ የላይኛው መንጋጋ ኮን ቢም ማዘዝ ይጀምራል። በዓለም አማካይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ በቀን ደግሞ ከ6 እስከ 7 ማይክሮሲቨርት ጨረር ይቀበላል። ትንሹ የጥርስ ራጅ ከዚያ የአንድ ቀን ድርሻ ብዙም አይርቅም። ኮን ቢም ግን እንደ መሣሪያውና እንደ ምስሉ ስፋት ከጥቂት አሥር እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ለአንድ አዋቂ ይህ አነስተኛ መጠን ነው፤ ለልጅና ያለ ምክንያት ለሚደጋገምበት ሰው ግን ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የሥር ሕክምና ባለሙያዎችና የአፍና የፊት ራጅ ባለሙያዎች ማኅበራት በ2015 ባደሱት የጋራ መግለጫ፣ ኮን ቢም ጥያቄው በትንሹ ራጅ ሳይመለስ ሲቀር እንዲነሳ፣ ለልማድ ተብሎ እንዳይነሳና ሲነሳም ምስሉ ጠባብ እንዲሆን አሳስበዋል። ገንዘቡም አለ፤ መሣሪያው በየክሊኒኩ በማይገኝበት አገር ሕመምተኛው ለምስሉ ብቻ ሌላ ከተማ ድረስ ይላካል።

ምርመራው በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ ሲሄድ አብዛኛው ርካሽ ነው። መጀመሪያ ጥያቄ ይጠየቃል፤ በየትኛው ወገን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሽታ አለው ወይ፣ በዚያ ወገን ጥርስ ተሞልቷል፣ ሥሩ ታክሟል፣ ወይም ተነቅሏል ወይ። ቀጥሎ እያንዳንዱ የላይኛው የኋላ ጥርስ ይታያል፣ በመሣሪያ እጀታ መታ መታ ይደረጋል፣ በቀዝቃዛ ነገር ይፈተናል፤ የድዱ ኪስ ጥልቀት ይለካል። ለቅዝቃዜ የማይመልስ ጥርስ፣ ወይም ሥሩ ቀድሞ የታከመ ጥርስ ካለ፣ ትንሹ ራጅ ከሁለት ማዕዘን ይነሳል፤ ማዕዘኑ ሲለወጥ የተደራረቡት ሥሮች ይለያያሉ። ይህም ካልፈታው ጠባብ ኮን ቢም ይታዘዛል፤ ሪፖርቱም በሥሩ ጫፍ ጉዳት መኖር አለመኖሩን፣ መጠኑን፣ የወለሉን ሁኔታ፣ የልባሱን መወፈር ወገንና ቦታ፣ ያልታከመ የሥር ቦይ መኖሩን ይገልጻል። የመጨረሻው በአንደኛው መንጋጋ ላይ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ የፊተኛው የጉንጭ ሥር ብዙ ጊዜ ሁለት ቦይ አለው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይረሳል። የሥሩ ጫፍ ከወለሉ ያለው ርቀት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቀዶ ወይም መንቀል ከታሰበ ይጨመራል። ከአንገት በላይ ሐኪሙም በበኩሉ በኢንዶስኮፕ ገብቶ መግሉ ከጉንጭ ሳይነሱ መውጫ እየመጣ መሆኑን ያያል። በአንድ ወገን የጨለመ ሳይነስ ሁሉ ከጥርስ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ የፈንገስ ኳስና ዕጢ በዚሁ መልክ ይመጣሉ።

የምርምሩም አቅጣጫ መዞር ያለበት ወደዚህ ነው። ርቀት ብቻ የለካ ሌላ ናሙና ከመጨመር ይልቅ፣ የታመመ ጥርስ ያላቸውን ጥቂት ሰዎች ከሕክምና በፊትና በኋላ መከተል ብዙ ያስተምራል። ጥርሱ ሲታከም ልባሱ ቀጠነ ወይ? በስንት ወር? የትኛው ጉዳት ብቻውን ዳነ፣ የትኛው የሳይነስ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው? ሥሩ ሲታከም የዳነውና ሲነቀል ብቻ የዳነው በምን ይለያሉ? እነዚህን የሚመልስ ጥናት ሕመምተኛውን ራሱን መጥራት፣ ነርቩን መፈተን፣ ለወራት መጠበቅና የጥርስ ሐኪሙን ከከአንገት በላይ ሐኪሙ ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ይጠይቃል። በማስመሪያ ብቻ ከሚሠራው ጥናት ይከብዳል፤ የሚታተመውም ቀስ ብሎ ነው።